ግልጽ ደብዳቤ፦ ለመምህሩ አንድ አፕ ስጡት፣ የሚለማመድበትን ጊዜም ስጡት

ይድረስ የመምህራንን የዲጂታል ስልጠና ለምታዘጋጁ፣ ለትምህርት ቤቶችም አፕ ለምትመርጡ ኃላፊዎች፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ይህን የምጽፈው ስልጠና ጠልቼ አይደለም። የኦንላይን መሣሪያዎችን ክፍሌ ውስጥ መጠቀም ተምሬያለሁ፣ አሁንም እየተማርኩ ነው። ልጆቹም ተጠቅመውበታል። የምጽፍላችሁ ይህ ዕውቀት ከየት እንደመጣ በደንብ ስለማውቅ ነው። ከአዳራሽ ያገኘሁት ትንሹን ነው። ትልቁን ያገኘሁት አንድ መሣሪያ ይዤ፣ ከራሴ ተማሪዎች ጋር፣ አጠገቤ ባልደረባ ተቀምጣ እያየችኝ፣ ደጋግሜ ስሞክር ነው። እናንተ ግን በጀቱንም ሰዓቱንም የምትመድቡት ለአዳራሹ ነው። ይህ እንዲለወጥ ልጠይቃችሁ ነው የተነሳሁት።

ስልጠናው እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ይሞላል። አሰልጣኙ ስክሪን ላይ አፕ ከፍቶ «እዚህ ጋ ክሊክ፣ ከዚያ እዚህ ጋ» ይላል። ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው። እኛ የመጀመሪያውን ፓስወርድ አስገብተን ሳንጨርስ እሱ ሦስተኛው አፕ ላይ ይደርሳል። ከምሳ በኋላ ሌሎች ይጨመራሉ። በመጨረሻ ፎርም እንሞላለን፣ ሰርተፊኬት እንቀበላለን። ሪፖርቱ ላይም «ይህን ያህል መምህራን ሠለጠኑ» ተብሎ ይጻፋል።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስንገባ የሚገጥመን ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄ አፕ ለየትኛው ትምህርት ነው የሚጠቅመኝ? ግማሾቹ ገብተው ግማሾቹን ፓስወርዱ እምቢ ሲላቸው፣ የገቡት ምን እየሠሩ ይጠብቁ? ኔትወርኩ ቢሄድስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ልጁ ትክክለኛውን መልስ የነካው ገብቶት ነው ወይስ ጓደኛውን አይቶ? አዳራሽ ውስጥ ከተማርናቸው ቁልፎች አንዱም ለእነዚህ መልስ የለውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር የተባሉ የትምህርት ተመራማሪዎች በግልጽ ጽፈውታል። መምህር ሦስት ነገር ማወቅ አለበት ይላሉ፦ የሚያስተምረውን ትምህርት፣ የማስተማር ዘዴውን፣ ቴክኖሎጂውን። ዋናው ዕውቀት ግን ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ነው። አዳራሽ ውስጥ የምናገኘው ሦስተኛውን ብቻ፣ ያውም ከሌሎቹ ተነጥሎ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በክፍልፋይ ላሳያችሁ። ይህን ክፍል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። «ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ልጆች አንድ አራተኛ ይላሉ። አራት ከሦስት ይበልጣላ! ይህ ከስንፍና የመጣ ስህተት አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቁጥር የተማሩት ሁሉ የሚመራቸው ወደዚያ ነው። ችግሩ፣ መምህሩ ማን እንዲህ እንደሚያስብ የሚያውቅበት መንገድ ማጣቱ ነው። እጅ አውጡ ሲባል የሚያወጡት ያው የተለመዱት ልጆች ናቸው። የቀሩት ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ ገብቷቸዋል ተብሎ ይታለፋል።

ፕሊከርስ የሚባል መሣሪያ አለ። ልጆቹ ታብሌትም ስልክም አያስፈልጋቸውም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቁጥርና የራሱ ቅርጽ የታተመበት አንድ ወረቀት ይይዛል። ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ፊደል ተሰጥቶታል። ልጁ መልሴ ነው የሚለውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ወረቀቱን ያነሳል። መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የሁሉም መልስ ይመዘገባል። ቅርጾቹ ከልጅ ልጅ ስለሚለያዩ፣ ፊደሎቹም ትንንሽ ስለሆኑ፣ ከጎረቤት መቅዳት ይከብዳል። ለአንድ ክፍል አንድ ስልክ ይበቃል። ይህን ወድጄዋለሁ፤ በጣም ወድጄዋለሁ። የሚያፍረው ልጅ ሳይናገር ይናገራልና።

አጠቃቀሙን ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጊዜ የሚፈጀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጥያቄው ሥር የሚገቡትን ምርጫዎች ማዘጋጀት። ለመሙያ ብቻ የገባ የተሳሳተ ምርጫ ምንም አይነግረንም። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ አንድ የአስተሳሰብ መንገድ ማሳየት አለበት። «አንድ አራተኛ ይበልጣል» ያለው ልጅ ከታች ያለውን ቁጥር ብቻ ነው ያየው። «እኩል ናቸው» ያለው ደግሞ ከላይ ያለውን 1 ብቻ አይቷል። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ግን የሚያስፈልጋቸው ማብራሪያ አንድ አይደለም። እንዲህ ያለ ምርጫ ለማውጣት ደብተር ማረም፣ ልጆችን ማዳመጥ፣ ከሌላ የአራተኛ ክፍል መምህር ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠይቃል። የትኛው አሰልጣኝ ነው ለዚህ ሰዓት የተሰጠው?

መልሱ ከታወቀ በኋላስ? ግማሹ ክፍል ተሳስቷል እንበል። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው አንድ ዘዴ አለ። ትክክለኛውን መልስ ቶሎ አትንገሩ ይላል። ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን አስቦ ይምረጥ። ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ይነጋገር፣ ለምን እንደመረጠም ያስረዳ። ከዚያ እንደገና ይምረጥ። የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ከትንንሽ ልጆችም ጋር ይሠራል። አንዷ ተማሪዬ አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ፣ እኩያውን ሌላ ወረቀት ደግሞ አራት ቦታ አጥፋ «የቱን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጓደኛዋን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ዙር ጓደኛዋ ካርዷን አዞረች። ያን ዕለት አፑ የሠራልኝ ሥራ ማን ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ማሳየት ነበር። ማስረዳቱን የሠሩት ወረቀቱና ልጅቷ ናቸው።

ክፍልፋይ ላይ እያለሁ ፔት የሚባለውን የማስመሰያ ፕሮግራሞች ስብስብም ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ያስጀመረው የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን ነው። በነጻ ይገኛል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ልጁ አንድን ክብ ወይም አራት ማዕዘን ስንት ቦታ እንደሚከፍል ራሱ ይወስናል፣ ቁጥሩን ሲጨምር ቁራጩ እያነሰ ሲሄድ በዓይኑ ያያል። አንድ ፕሮጀክተር ወይም አንድ ላፕቶፕ ካለ ክፍሉ በሙሉ «አሁን አምስት ቦታ ብንከፍለውስ?» እያለ ሊገምት ይችላል። መጀመሪያ መገመት፣ ከዚያ ማየት። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ልጆቹ ተመልካች ብቻ ይሆናሉ።

ካሁትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣ የጥያቄ ጨዋታ ነው። ልጆች ይወዱታል፣ ክፍሉ ነፍስ ይዘራበታል። ነጥብ አሰጣጡን ግን ልብ በሉልኝ። በተለመደው አሠራር ትክክለኛ መልስ እስከ 1000 ነጥብ ያስገኛል። ወዲያው የመለሰ ሙሉውን ያገኛል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የመለሰ ወደ 500 ይወርዳል። ማለትም የነጥቡ ግማሽ የፍጥነት ዋጋ ነው። ንባብ ገና የሚከብደው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቦ፣ አስቦ፣ በትክክል መልሶም ከታች ይቀመጣል። ደጋግሞ ከታች ከተቀመጠ ማንበቡን ትቶ መገመት ይጀምራል። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

መፍትሔው እዚያው መሣሪያው ውስጥ አለ። የአንዱን ጥያቄ ሰዓት እስከ 4 ደቂቃ ማራዘም ይቻላል። ጥያቄውን ያለ ነጥብ ማድረግም ይቻላል። ልጆቹን በቡድን ማጫወትም አለ። በተካፈልኩባቸው ስልጠናዎች ግን ይህ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። የሚታየው ጭብጨባውና ሙዚቃው ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚያስተምር መምህር ግን መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሰዓቱን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እኛን የምታሠለጥኑበት አፕ ነገ ላይኖር ይችላል። ኤድሞዶ በብዙ አገሮች መምህራን የሚጠቀሙበት መድረክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። ጃምቦርድ የተባለው የጉግል ዲጂታል ሰሌዳ በ2024 መጨረሻ ላይ ቆመ። ተማሪዎች በአጭር ቪዲዮ የሚመልሱበትን ፍሊፕግሪድን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ገዛው፣ በ2022 ስሙን ፍሊፕ አለው፣ በ2024 ራሱን የቻለ አፕ መሆኑ ቀረ። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት የትምህርት ቴክኖሎጂ ምርቶች በአማካይ በየ36 ወሩ እንደሚለወጡ ጽፏል። የአንዱን አፕ ቁልፍ ብቻ የተማረ መምህር አፑ ሲዘጋ ባዶ እጁን ይቀራል። ጥሩ ጥያቄ ማውጣትን፣ መልሶቹን አይቶ ቀጣዩን እርምጃ መወሰንን የተማረ መምህር ግን ወደ ሌላ መሣሪያ፣ ካስፈለገም ወደ ጥቁር ሰሌዳና ወረቀት ይዞት ይሄዳል።

ያው ሪፖርት ስለ አመራረጥም የሚያስደነግጥ ነገር ይዟል። በአሜሪካ 17 ግዛቶች ውስጥ በመምህራንና በትምህርት አስተዳዳሪዎች ላይ የተደረገ ጥናትን ጠቅሶ፣ አንድን ቴክኖሎጂ ከመቀበላቸው በፊት በባለሙያዎች የተገመገመ ማስረጃ የጠየቁት 11 በመቶው ብቻ እንደነበሩ ይናገራል። እናንተ ስትመርጡ ምን ትጠይቃላችሁ? ሻጩ ያሳያችሁን ቪዲዮ ነው ወይስ የልጆች ትምህርት ላይ ያመጣውን ለውጥ? ቢያንስ የጥቂት ክፍሎችን መምህራን ጠርታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አስሞክሩ። ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ ይሠራ እንደሆነ፣ ፊደሉን በትክክል ያሳይ እንደሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይታወቃል።

የልጆቹን መረጃ ጉዳይ በቀላሉ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። ብዙ አፖች ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት ሲከፈት የወላጅ ወይም የትምህርት ቤት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህ የዕድሜ ወሰን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ 16 ዓመትን አስቀምጦ አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ይፈቅዳል። የእኛ ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ በታች ናቸው። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በኮሮና ጊዜ 49 መንግሥታት ለልጆች ትምህርት የመከሯቸውን ከ160 በላይ አፖችና ድረ ገጾች መርምሮ በ2022 ያወጣው ውጤት አለ። 89 በመቶዎቹ የልጆችን መብት የሚጥስ ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ የመረጃ አያያዝ ነበራቸው። መንግሥታት የመከሯቸው እኮ ናቸው! አንድ መምህር በዕረፍት ሰዓቱ ረጅም የውል ጽሑፍ አንብቦ ይህን ሊለይ አይችልም። ይህ የእናንተ ሥራ ነው። አጣርታችሁ፣ የተፈቀዱትን አጭር ዝርዝር ስጡን። እስከዚያው የልጅ ሙሉ ስም በማይጠይቅ መሣሪያ እንጠቀማለን። ቁጥር ወይም ቅጽል ስም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ፤ መምህሩ እንዴት ይማራል? ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመምህራንን ስልጠና አጥንተዋል። ንድፈ ሐሳብ መስማትና ማሳያ ማየት ብቻውን ወደ ክፍል የሚገባ ለውጥ እምብዛም እንደማያመጣ ጽፈዋል። ለውጡ የሚመጣው መምህሩ በራሱ ክፍል ሲሞክር የሚከታተለውና የሚያግዘው ሰው ሲኖር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እኛ ግን አሁንም አዳራሽ እንሞላለን።

አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ የቴክኖሎጂ ባለሙያ አይደለችም። ለረጅም ዓመታት ያስተማረች ትልቅ መምህርት ናት። ስልክ ላይ ከእኔ ትዘገያለች። ልጅ ላይ ግን ማንም አይቀድማትም። እኔ ስክሪኑን ስከታተል እሷ የልጆቹን ፊት ታያለች። «ያ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ ነው ካርዱን ያነሳው» የምትለኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ በእሷ ክፍል ካሜራውን እይዝላታለሁ። እንደ እሷ ያሉትን መምህራን «ቴክኖሎጂ የማይገባቸው» እያላችሁ ከኋላ ወንበር አታስቀምጧቸው። አፑ ሥር የሚገባውን ጥያቄ ከማንም በተሻለ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ልጆች በየትኛው ቦታ እንደሚሰናከሉ በሺህ ደብተር ላይ አይተውታል። ፈጣን ጣት ያለውን ወጣት መምህር ከእነሱ ጋር አጣምሩት። ሁለቱም ይማራሉ።

የቤት ሥራን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ባለበት ክፍል ኦንላይን የቤት ሥራ እንድንሰጥ አታስገድዱን። ኮሊብሪን የመሰሉ፣ ይዘታቸው አንዴ ተጭኖ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። እነሱን መርምሩ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ለአንድ መንፈቅ አንድ መሣሪያ ምረጡልን፣ በተቻለ መጠንም ከእኛ ጋር ሆናችሁ ምረጡ። የአዳራሹን ስልጠና ወደ ግማሽ ቀን አሳጥሩት። በተረፈው ጊዜና ገንዘብ በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ከፕሮግራማችን ላይ ነጻ አድርጉልን፤ ሁለት ሁለት ሆነን ጥያቄ እናዘጋጅ፣ አንዳችን የሌላችንን ክፍል እንይ። ይህ ክፍለ ጊዜ በመደበኛው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። «በትርፍ ጊዜያችሁ» ከተባለ ትርፍ ጊዜ እንደሌለን ታውቃላችሁ። አሰልጣኞቻችሁንም ላኩልን፤ መጥተው ከልጆቹ ጋር፣ ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ክፍል ውስጥ አብረውን ይሥሩ። እዚያ የሚያዩት ነገር ቀጣዩን ስልጠና ራሱ ይቀይረዋል ብዬ አምናለሁ።

የሪፖርት ፎርሙንም አስተካክሉት። «ስንት መምህራን ሠለጠኑ» የሚለው ይቆይ። ከጎኑ ግን «ከሦስት ወር በኋላ ስንቶቹ እየተጠቀሙበት ነው? ለየትኛው ትምህርት? ልጆቹ ምን ላይ ተሻሻሉ?» የሚል ይጨመርበት። ለእነዚህ ጥያቄዎች ከነማስረጃው መልስ ለመስጠት እኔና ባልደረባዬ ዝግጁ ነን። የእናንተንም ምላሽ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት